ስማቸው የጠፋ መሣሪያዎች

(በድሬዳዋ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመናገር ተራ የእኔ መሆኑ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ብዙ ጓደኞቼ «ስለ ምን ልትናገር ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ሰንብተዋል። «ስለ መዶሻ» ብዬ ስመልስላቸው ሳቁ። ከእኔ በፊት በዚህ ሥፍራ የቆሙት ስለ ሀገር ልማትና ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ተናግረዋልና፣ እኔ የዛገ ብረት በጆንያ ተሸክሜ ስመጣ መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ሆኖም ይህ በፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ የተኛው አራት ብረት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ እኔን ያስተማረኝ ስለ ሆነ ከእርሱ የተሻለ ርእስ አላገኘሁም። ንግግሩን በጋዜጣችን ላይ ለምታነቡትም ብረቶቹን በተቻለኝ መጠን በቃል ልሥላቸው እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ከመወለዴ በፊት ስላረፉ አላውቃቸውም። ከእርሳቸው ለቤታችን የቀረው አንድ ከባድ የጣውላ ሣጥን ነበር፤ በአልጋ ሥር ተቀምጦ ድመት ይወልድበታል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ቆራሌው በበራችን ሲጮህ ሰማሁና፣ ቤት ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ሣጥኑን ጎትቼ አወጣሁለት። ቆራሌውም ብረቱን በሚዛን ሰቀለ፤ በኪሎ ሒሳብ ከፈለኝ፤ ሣጥኑንም ጨምሮ ወሰደው። ገንዘቡ ለተመኘሁት የኳስ ጫማ እንኳ አልበቃም።

እማማ (አያቴን ማለቴ ነው) ሲመለሱ አልተቈጡም። ቢቈጡ ይሻለኝ ነበር። «እሳቸው ሲሞቱ እኔም አልከፈትኩትም» ብለው ዝም አሉ።

እነዚህ አራቱ ሊተርፉ የቻሉት እኔ አስቤላቸው ሳይሆን በዚያን ቀን ሣጥኑ ውስጥ ስላልነበሩ ነው። መዶሻውን እማማ ከሰል ይሰብሩበት ነበር። ዶማ የመሰለውን የጓሮውን መደብ ይኰተኵቱበታል። ረጅሙ ዘንግ ሌሊት ለበር መወርወሪያ ያገለግል ነበር። ትንሹ ቆልማማ ብረት ማድ ቤት ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሎ የጋለ ክዳን ያነሣል። አሮጌ መሣሪያ ከጥፋት የሚድነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ሁለተኛ ሥራ ሲያገኝ። ነገር ግን ያዳነው ሁለተኛ ሥራ የመጀመሪያውን ይሸፍንበታል። የከሰል መስበሪያ ነው ብሎ የለመደ ሰው ከዚያ በፊት ምን ነበር ብሎ አይጠይቅም፤ እኔም ብዙ ዓመት አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ መዶሻው ልምጣ። እንደምታዩት እጀታው ረጅምና ቀጭን ነው፤ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ራሱ ግን ትንሽ ነው፤ ከእንቁላል ብዙም አይበልጥ። ማናችሁም በመዶሻ ሠርታችሁ የምታውቁ ብትሆኑ ነገሩ ግራ ያጋባችኋል። ረጅም እጀታ ለኃይል ነው፤ ኃይል ከተፈለገ ደግሞ ራሱ ከባድ መሆን ነበረበት። ምስማር ለመምታት እጀታው ይረዝማል፤ ድንጋይ ለመፍለጥ ራሱ ያንሳል። አንድ ጓደኛዬ «የልጅ መጫወቻ ነው» አለኝ። ሌላው፣ መካኒክነት ጥቂት የቀመሰ፣ «የተሰበረ መዶሻ ላይ የመጥረጊያ እንጨት ተክለውበት ነው» ብሎ ፈረደ።

መፍትሔው የተገኘው ከዚራ ከዛፍ ጥላ ሥር ከሚቀመጡ አንድ በጡረታ ላይ ካሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ዘንድ ነው። መዶሻውን ስሰጣቸው እንደ እኛ አገላብጠው አላዩትም። በእጃቸው አንድ ጊዜ መዘን አደረጉትና ወዲያው ዙሪያውን ይመለከቱ ጀመር፤ የሚመታ ነገር ፍለጋ ነበር። በአጥሩ ሥር ሁለት አሮጌ የመኪና ቸርኬዎች ተጋድመዋል። ወደ አንደኛው ሄዱና፣ ወገባቸውን ሳያጎነብሱ፣ ቀስ አድርገው ነካ አደረጉት። ቸርኬው እንደ ቃጭል ጮኸ፤ ድምፁም ቶሎ አልሞተም። ሁለተኛውን ሲመቱት «ጧ» ብሎ ቀረ። «ይኸኛው ታሟል» አሉ። ጐንበስ ብዬ ብፈልግ ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ፀጉር የመሰለ ንቃቃት አገኘሁበት።

መዶሻው የሚመታ ሳይሆን የሚያዳምጥ መሣሪያ ኖሯል። ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም አንድ ሠራተኛ፣ ሌሊት ከሆነ ፋኖስ ይዞ፣ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ እያንዳንዱን መንኰራኩር በዚህ መዶሻ ይነካዋል። ደህና ብረት ሲመታ መላ አካሉ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ ወይም የላላ እንደ ሆነ ግን ንቅናቄው ስንጥቁ ላይ ስለሚሰበር ድምፁ ይታፈናል። እጀታው የረዘመው ሰውየው መቶ ጊዜ እንዳያጎነብስ ነው። ራሱ ያነሰውም ብረቱን ሳይጎዳ ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ነው። ሽማግሌው ስሙንም ነገሩኝ፤ «የቪዚተር መዶሻ» ነው። ቪዚተር በፈረንሳይኛው የፉርጎና የመንኰራኩር መርማሪ ማለት መሆኑን ኋላ ተረዳሁ።

ይህን ጥበብ ፈረንጅ ብቻ የሚያውቀው እንዳይመስላችሁ። እናቶቻችን ገበያ ወጥተው እንስራ ሲገዙ ዓይናቸውን ለቅርጹ፣ የጣታቸውን አንጓ ለጐኑ አይደለምን የሚሰጡት? ኳ ኳ አድርገው ድምፁ ካላማራቸው ሸክላ ሠሪዋ ብትምልም አይገዙም። እማማ ይህን መዶሻ ሃያ ዓመት ከሰል ሲሰብሩበት የኖሩ፣ ነገሩን ሳጫውታቸው «ታዲያ እንደ እንስራ ነዋ!» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ከሽማግሌው ዘንድ ሳልሰናበት አንድ ጥያቄ አመጡብኝ። «ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ምን ነበረ?» አሉኝ። ለማስታወስ ሞከርኩ። ክብ ነገር ነበረ፤ ረጅም ነገር ነበረ። «ብረት ነበር» አልኳቸው። ሽማግሌው መዶሻውን መለሱልኝና፣ «አቦ፣ ብረትማ ሁሉም ብረት ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድን ዕቃ ሳልለካና ሳልሥል ከእጄ አላወጣም።

ሁለተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ዶማ ይመስላል፤ ግን አንደኛው ጫፉ ሹል ሆኖ ሌላኛው ደነዝና ሰፋ ያለ ነው፤ እንደ በሬ ኮቴ። እኛ ቤት ሲኰተኰትበት ስለማይቈርጥ «ያለቀ ዶማ» ይባል ነበር። እውነቱ ሲታወቅ ግን ያለቀ ሳይሆን ሲፈጠር ጀምሮ ደነዝ ነው። ሐዲዱን የተሸከሙት አግዳሚዎች በጠጠር ላይ ያርፋሉ። ባቡር ሲመላለስ ጠጠሩ ይሰጥማል፤ ሐዲዱም ይወዛወዛል። ሠራተኞች ሹል ጫፉን ይዘው ጠጠሩን ያላላሉ፤ በደነዙ ደግሞ ከአግዳሚው ሥር እየገፉ ይጠቀጥቁታል። ስለት ቢኖረው ጠጠሩን ይፈልጥ ነበር እንጂ አይጠቀጥቅም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ሥራውን በደንብ የማይሠራ ቢመስላችሁ ምናልባት የምታሠሩት የራሱን ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ያስቸገረኝም፣ ያሳዘነኝም ይኸው ዘንግ ነው። ከአንድ ሜትር ጥቂት ይረዝማል። ወደ ሁለቱ ጫፎቹ ገደማ ወደ ታች የወጡ ጥርሶች አሉት። አንደኛው ጥርስ ከዘንጉ ጋር አንድ አካል ነው። ሁለተኛው ግን በዘንጉ ላይ እንዲንሸራተት ሆኖ ተሠርቶ፣ ከአጠገቡ ጥቃቅን ጭረቶች በእኩል ርቀት ተቀርጸውበታል፤ ዝገት ይዞት ስለ ነበረ ግን አይነቃነቅም። ጭረት ያለበት ነገር መለኪያ መሆኑ ግልጽ ነው። ምን ይለካል? ከጥርስ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጥርስ ውጫዊ ጠርዝ ስለካው 1 ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ፈቅደውለት፣ ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለ ከበደ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ከተማችንም በዚያ ምክንያት ተቈረቈረች። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። መላው መንገድ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ነው። ይህን ስለማውቅ ዘንጉን ይዤ ወደ አሮጌው ሐዲድ ወረድኩ። ሐዲዱ ላይ አጋድሜ ጥርሶቹን በመካከል ላስገባ ብል እምቢ አለኝ። አንድ ጣት የምታህል ትርፍ ከልክላ ያዘችው። ያን ጊዜ «መለኪያ አይደለም ማለት ነው» ብዬ ተስፋ ቈርጬ ተመለስኩ።

ማታ ዘንጉን ላምባ ነክሬው አደርኩና በማግሥቱ ተንሸራታቹን ጥርስ በመዶሻ ቀስ እያደረግሁ አስለቀቅሁት። 1 ሜትር ላይ አድርጌ ብመለስ ቁጭ አለ፤ ልክ ክዳን በገንቦ ላይ እንደሚቀመጥ። በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬን ይዤ ወደ ከዚራው ሽማግሌ ብሮጥ ነገሩን ሰምተው «ስንት ላይ ቆሞ ነበር?» አሉኝ። «ከሜትሩ አንድ ሴንቲ አልፎ» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠመዝማዛ ላይ ነበራ!» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዲድ በሚታጠፍበት ቦታ መንኰራኩሮቹ ተጨናንቀው ሐዲዱን እንዳይበሉት መካከሉ ጥቂት ይሰፋል። ተንሸራታቹ ጥርስና ጭረቶቹ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። አያቴ ይህን መለኪያ ለመጨረሻ ጊዜ የያዙት በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ነበር። ለኩ፤ ብሎኑን አጠበቁ፤ ወደ ቤታቸው ይዘውት መጡ። ዝገትም ያችን ልክ እንደ ማኅተም ጠብቆ አቈያት። ያን ማኅተም የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በላምባና በመዶሻ። መጀመሪያ ለክቼ በደብተሬ ባልጻፈው ኖሮ ይህንንም ባላወቅሁ ነበር። ከእናንተ መካከል አሮጌ ዕቃ አግኝቶ ዝገቱን ለመፋቅ የሚቸኩል ቢኖር ይህን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

ይህ ዘንግ ከእንግዲህ ሥራ የለውም። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያችን በዚያ መካከል ቢጣል እንደ ሕፃን በአባቱ አልጋ ላይ ይሆናል። አዲሱ መምጣቱ አያስቈጨኝም፤ ፈጣን ነው፤ ብዙ ይጭናል። የሚያስቈጨኝ የአሮጌውን ዕቃ ዋጋ ዛሬ የሚተምነው ሚዛን ብቻ መሆኑ ነው። ሚዛን ደግሞ የሚያዳምጥን መዶሻ ከሚፈልጥ መዶሻ አይለይም።

እዚህ ላይ ስለ ስም ጥቂት ልበል። አንድ መሣሪያ ስሙ ባይጠፋ ኖሮ ግማሹ ሥራ በተቃለለ። የሀገራችን መካኒክ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሊማ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ ሲል ጣልያንኛ መናገሩን ላያውቅ ይችላል። ለገሀር ሲባልም ፈረንሳይኛ ነው። ስሙ ዕቃው በማን እጅ እንደ መጣ ይመሰክራል። በአንጻሩ መዳመጫ፣ እንዝርት፣ ደጋን ስንል ስማቸው ሥራቸውን ራሱ ይናገራል ወይም ከጥንት የኛ መሆናቸውን ያሳያል። ይሁን እንጂ ባለፈው ጊዜ እዚሁ ላሉ ጓደኞቼ ጥጥ መዳመጫውን ብረት ባሳያቸው አንዱ «የሊጥ መዳመጫ ነው» አለኝ! ፍሬውን ከጥጡ ለመለየት በድንጋይ ላይ የሚንከባለል፣ መሀሉ ወፈር ጫፎቹ ቀጠን ያለ ብረት ነው። ስሙ አልጠፋም፤ ግን ሰውየው ሌላ ሥራ ሰጠው።

«ስም የሚነግር ሽማግሌ ባይኖርስ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከከተማችን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከደቻቱ ወንዝ በላይ በኮረብታው ጐን፣ ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ማለትም ጃርት ብለው የጠሩት ዋሻ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን ደረሱበት፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ተቈፈረ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴዝሞንድ ክላርክና ኬኔት ዊልያምሰን ሰፋ አድርገው ቈፈሩት። በዚያ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች መሣሪያቸውን ጥለው ሄደዋል። ስሙን የሚነግረን የለም፤ ቋንቋቸውም የለም። ከወጣው መካከል 4213 ቁራጭ ቀይ አፈር ነበር፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ። ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት ከዚያው የወጡትን ድንጋዮች በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ ከ20 የሚበልጡት ይህን አፈር የተፈጨባቸውና የተወቀጠባቸው መሆናቸውን ከጭረታቸውና በላያቸው ከቀረው ቀለም ለዩ። አንዲት ድብልብል ድንጋይ ግማሽ አካሏ ብቻ ቀይ ሆኖ ተገኘ። መፍጫ ናት እንዳይባል የመፍጨት ምልክት ጐደላት፤ ስለዚህ ቀለም ተነክራ በለስላሳ ነገር ላይ እንደ ማኅተም የምትታተም ሳትሆን አትቀርም አሉ። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ካለው ከለገ ኦዳ የወጡት ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶችም እንዲሁ ጠርዛቸው ተመርምሮ፣ ስለ አገልግሎታቸው በ1978 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ወጥቷል። ቀደም ብዬ በመዶሻው እጀታ ላይ ያደረግሁት ምርመራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ብቻ የእኔው ዕድሜው አጭር ነው።

ነገር ግን ምልክት ማንበብ ብቻውን ያሳስታል፤ ለዚህም ደግሞ ምስክሩ ሀገራችን ነው። በብዙ የዓለም ክፍል ከጥንት ቦታዎች በሚወጡ የቆዳ መፋቂያ ድንጋዮች ጠርዝ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሾጠጥ ያለ ጥርስ ይታያል። ሊቃውንት ይህን አይተው «ለመፋቅም ለመቅረጽም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» ሲሉ ኖረዋል። ካትሪን ዊድማን የተባሉት አሜሪካዊት ግን ወደ ጋሞ ሄደው፣ ቆዳ በድንጋይ የሚፍቁ ባለሙያዎችን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ተመለከቱ፤ ውጤቱንም በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ያ ጥርስ የሚበዛው ገና በሚማሩ ልጆችና እጃቸው በደከመ አረጋውያን መፋቂያ ላይ ሆኖ ተገኘ። በሠለጠነ እጅ የተሠራው ጠርዝ ግን ለስላሳ ነው። ሊቃውንቱ ልዩ መሣሪያ ያሉት የተማሪ ስሕተት ወይም የሽማግሌ ድካም ነበር ማለት ነው። በኮንሶ ደግሞ ይህን ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ድንጋዩን የሚጠርቡትም እነርሱው ናቸው። የድንጋይ መሣሪያ የወንድ ሥራ ነው ብለው ሲያስተምሩ ለነበሩት ይህም ትልቅ እርማት ሆነ። በመጽሐፍ ክርክር ያልተፈታው ከባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ በማየት ተፈታ። እነዚህ ቆዳ ፋቂዎች በየመንደራቸው የሚናቁ መሆናቸውንም እናውቃለን፤ ዓለም ግን መጥቶ ከእነርሱ ተማረ።

አሁን አራተኛው ቀርቷል። የማድ ቤቱ ቆልማማ ይኸውላችሁ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው። አንደኛው ጫፉ ቀለበት ሆኖ አመልካች ጣት ያስገባል። ሌላው እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ብሎ ጫፉ ጠፍጠፍ ተደርጓል። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ሊማ በቀላሉ አይበላውም። የጥፍሩ አንድ ጐን ብቻ በመፋተግ አብረቅርቋል፤ ብረቱን ከቀለበቱ ይዛችሁ ጥፍሩን ወደ ታች ብታደርጉት የሚያብረቀርቀው የግራው ጐን ነው። የጋለ ክዳን ማንሣት በአንድ ጐን ብቻ አያፋትግም፤ ስለዚህ ይህ ምልክት የማድ ቤት አይደለም። በቀኝ እጄ ይዤ ጠባብ ቦታ ውስጥ እየጐተትኩ ብሞክረው የሚታሸው ቀኙ ሆነ፤ በግራዬ ብይዘው ግራው።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ። «ግራኝ ነበሩ እኮ!» አሉ። «በቀኛቸው የሚበሉት ሰው ፊት ብቻ ነው።» ስለ አያቴ ይህን ቤታችን ውስጥ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ ስለ እርሳቸው አወሩልኝ።

የእኔ ግምት ቆልማማው በእንፋሎት ባቡር ላይ፣ የፒስተኑ ዘንግ በሚገባበት ጠባብ ማኅተም ውስጥ ያለቀውን የገመድ መጠቅጠቂያ መዝዞ ማውጫ ነው የሚል ነው። የከዚራው ሽማግሌ ግን አልተቀበሉኝም፤ የዚያኛው ጫፍ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዘ ነው ይላሉ። ስብሰባው ሲያበቃ ብረቶቹ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ይቈያሉ፤ መጥታችሁ በእጃችሁ ያዙአቸው። በቤታችሁ የምድር ባቡር፣ የጥጥ ፋብሪካ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ጡረተኛ ያላችሁ ደግሞ ቆልማማውን እስከ ቅዳሜ ተውሳችሁ ብትወስዱልኝ እፈቅዳለሁ። ስትሰጧቸው ምን እንደ ሆነ አትንገሯቸው። እጃቸው መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ አይታችሁ ጻፉልኝ።